ዞብል ላይ የጎደለችው ጨረቃ

ሰይዳ ደቦ የጠራችው ሙሉ ጨረቃ ጠብቃ ነው። የቆቦ ቆላ ሐሩር ስለሚከብድ ማሽላ የሚወቃው አመሻሽ ላይ፣ በጨረቃ ብርሃን ነው። በማግስቱ ማሳው ሁሉ ለከብት ይከፈታል፤ ያኔ አውድማ ላይ የተገኘ ዛላ የላምና የግመል ሲሳይ ይሆናል። ባሏ በሕይወት ሳለ ሌሊቱን የሚመርጠው እሱ ነበር። ዘንድሮ እሷ መረጠች፤ ወር በመቁጠር የታወቁትን ሸህ አራጌንም ጠይቃ አረጋገጠች።

ፀሐይ በላስታ በኩል ጠልቃ፣ ወንዶቹ መግሪብ ሰግደው ዱላቸውን ሲያነሱ ጨረቃ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ አለች። ሙሉ አልነበረችም። ብርሃኗ እንደ ሦስት ቀን ጨረቃ ቀጭን ነው፤ የቀረው አካሏ የደፈረሰ፣ የሸክላ መልክ ያለው።

ምላሱ የማያርፈው ጎረቤቷ እንድሪስ፣ ሸሁ ዘንድሮ ወሩን ከየት ጀምረው እንደቆጠሩት ጠየቀ። አንዱ ተቀብሎ የሸሁ የሙሃረም ወር ጨረቃ ገና ከአራስ ቤት አልወጣችም አለ። ሳቁ ግን ቶሎ በረደ። በዚህ ጨለማ ዱላ ቢሰነዘር የሰው ራስ ይመታል፤ ደግሞስ ጨረቃ በደህናዋ እንዲህ ትሆናለች? ለደቦው ከጎረቤት መንደር ከሮቢት የመጡት ጋቢያቸውን አጣፍተው መንገዱን ማየት ጀመሩ።

ከደቦው ጋር የነበሩት ሸህ አራጌ አልተቆጡም። ቆጠራው እንዳልሳተ፣ ይህም የአላህ ተአምር እንደሆነና የራሱ ሰላት እንዳለው ተናግረው ከፊት ቆሙ። ሰዉም ከኋላቸው ተሰለፈ።

ሰይዳ ሰግዳ ቀና ስትል ዓይኗ ተራራው ላይ ቀረ። የሦስት ቀን ጨረቃ የምትታየው በምዕራብ፣ ፀሐይን ተከትላ ነው፤ ብርሃኗም ወደ ፀሐይ የዞረ ነው። ይህቺ ግን ከምሥራቅ ወጥታ፣ ብርሃኗ ከታች በኩል ሆኖ ለጠለቀችው ፀሐይ ጀርባውን ሰጥቷል። የጨለማው ጠርዝም እንደ ሰፌድ ጥላ ክብ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለች ለፈተና የሸመደደችው ነገር ነበር፤ ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ ጥላዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል የሚል። ያኔ መልሱን ጽፋ ረስታው ነበር። አሁን ፀሐይ ከጀርባዋ ጠልቃለች፣ ጨረቃ ከፊቷ ወጥታለች፤ መካከል ላይ የቆመችው እሷ ናት፣ ከነአውድማዋ። ፀሐይና ጨረቃ እንዲህ ፊት ለፊት የሚተያዩት ደግሞ ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት ብቻ ነው። ባሏም ቢኖር ይህችኑ ሌሊት ይመርጥ ነበር።

ወደ ሸሁ ጠጋ አለች።

«ሸህ፣ ቆጠራዎ ልክ ነው። ባትሞላ ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር። ያረፈባት የምድር ጥላ ነው፤ ያልፋል። ንፍሮ ቅመሱ፣ እስክትጨርሱ ትመለሳለች።»

«ካልተመለሰችስ?» አለ እንድሪስ።

«ንፍሮዬን ትመልሳለህ።»

ሳቁ፤ ተቀመጡም። ዓይናቸው ሰማይ ላይ ስለነበር እጃቸው ሳህኑን በዳበሳ ይፈልግ ነበር። ጥላው ማንም ሳይነካው፣ ድምፅ ሳያሰማ ከጨረቃዋ ላይ ተንሸራተተ። የዛላው ክምር መጀመሪያ ጠርዙ፣ ቀጥሎ መላ አካሉ ነጣ። ሸህ አራጌ «ሱብሃነላህ» አሉ። የሮቢት መንገድ ወለል ብሎ ቢታይም፣ የሚሄድበት አልነበረም።

እንድሪስ ተነሥቶ ዱላውን ጨበጠ።

«ንፍሮው እንደሆነ ተበልቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይመለሳል» አለና የመጀመሪያውን ምት አሳረፈ።

ሰይዳ ጨረቃዋን ጥቂት አየቻት። ከዚያም የሚፈናጠረውን ፍሬ ልትሰበስብ መጥረጊያዋን አነሳች።