ላስቲክ የለበሰው መጽሐፍ

ሠላሳ አንድ ዓመት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው ብሶት ስጽፍ፣ ፈቲያ ገና ደብተር ታቅፋ ትምህርት ቤት ትመላለስ ነበር። ዛሬ ጎኔ ተቀምጣ ባለጉዳዩን ሁሉ ወሰደችብኝ። ምን እደብቃለሁ፣ ቀናሁ። ቀንቼ ምሳ አልበላ ያለኝ ቀን አለ።

ይበልጥ የሚያበግነኝ መጽሐፏ ነው። የአጻጻፍ መመሪያ ነው፤ ላስቲክ አልብሳዋለች፣ ጠርዙ ተበላልቷል። ሃያ ዓመት ጽፋ ዛሬም ባለጉዳይ ፊት ገልጣ ታያለች! እኔ እንዲህ ባደርግ ሰው ምን ይለኛል?

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ተማሪ ነሽ?» እላታለሁ።

«ምን ላርግ ጋሽ ተስፋሁን፣ እዘነጋለኋ!» ብላ ትስቃለች።

ማክሰኞ ለዙሁር ሶላት ስትነሣ «ጋሼ፣ ቦታዬን ይዩልኝ» አለችኝ። እንዲህ አንዳችን የሌላችንን ቦታ እየጠበቅን ነው የምንሠራው። ዞር ስትል መጽሐፉን አነሣሁት። ስህተት ላገኝባት ነበር፤ አገኘሁም። ራሷ ጽፋዋለች፣ በየኅዳጉ፣ ከነቀኑ፦ «የወይዘሮ አስካለን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቀበርኩት። ማመልከቻው ተመለሰባቸው።» «ሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ አንድ ይበቃ ነበር።» እኔ የተመለሰብኝን ሁሉ የቢሮ ሰው አላዋቂነት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። የባሰ ቀናሁ። መጽሐፉን ካፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ቀና ስል ባለቤቴ ደብሪቱ ቆማለች። ከእሪ በከንቱ ሰፈር ተነሥተን ለገባንበት ቤት የውኃ ቆጣሪ እንዲሰጠን የጻፍኩላትን ማመልከቻ ይዛለች። አራት ገጽ ነው። አናቱ ላይ በቀይ «ጥያቄው ምንድን ነው?» ተብሎበታል።

«አምጪው፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ሁለቴ አስተካከልከው እኮ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። «ፈቲያን ልጠብቅ።»

ፈቲያ ተመለሰች። ጠረጴዛዋን ዳበሰች፣ ወንበሯ ሥር አየች፤ ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞረች። «እትዬ ደብሪቱ፣ ቢሮው ምን እንዲያደርግልዎ ነው የሚፈልጉት?» ብላ ጠየቀቻት። ሚስቴ ባጭሩ መለሰች። እኔ ይህን ጠይቄያት አላውቅም፤ አብሬያት ስለምኖር የማውቅ መስሎኝ።

ፈቲያ ግማሽ ገጽ ጻፈችና እንደ ደንባችን ከፊርማው በፊት ጮክ ብላ አነበበችላት።

«ይኸው! ይኸው ነው ያልኩት!» አለች ደብሪቱ። ለእኔ ጽሑፍ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ፈቲያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ መጽሐፌን አላዩልኝም?»

ሚስቴ ካፖርቴን አየችው። የላስቲኩ ጫፍ ወጥቷል። አውጥቼ ለፈቲያ ዘረጋሁላት።

ፈቲያ አልተቀበለችኝም። «ይያዙት፣ ያንብቡት» አለች። «ኅዳጉ ግን ሞልቷል። የርስዎን ሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉ።»

አራቱን ገጽ ከደብሪቱ እጅ ተቀብዬ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የዕለቱን ቀን አሰፈርኩ። ከሥሩ፦ «ሚስቴን ምን እንደምትፈልግ ሳልጠይቃት ጻፍኩላት።»