ካርቡራተሩ እስኪመጣ

1

አልተነሳችም።

2

ስንዱ ቁልፉን መለሰች። እጆቿን መሪው ላይ ጣለችና ፊት ለፊቷ ያለውን የግቢ ግንብ አየች። መካኒኩ ጋሽ ኢድሪስ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይዞ ከመኪናዋ ኋላ ቆሟል። የዚች መኪና ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ የፊት ክዳኗን ከፍቶ «ውይ፣ ሞተሯን ሰርቀውሻል!» ያላለ ጎረቤት የለም።

«አቦ ስንዱ፣ ነግሬሻለሁ» አለ ጋሽ ኢድሪስ።

«አትንገረኝ።»

«ዛሬም ያው ካርቡራተሩ ነው።»

«አትንገረኝ አልኩህ!»

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ጥላ ፍለጋ ሄደ። ድሬዳዋ ነው፣ ግንቦት ነው፤ ገና በአራት ሰዓት የመኪናዋ ላሜራ እጅ ይጠብሳል።

3

ስንዱ የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አርባ አራት ዓመቷ ሲሆን ሃያውን ጠብታ ስትለካ ነው ያሳለፈችው። ስለዚህ መኪናዋም የራሷ ደብተር አላት። ከደብተሩ፦

ሙከራ 34። እሳት ሰጪዎቹ ካንዴላዎች ተቀየሩ። ብልጭታ አለ። አልተነሳችም።

ሙከራ 35። የነዳጅ ቱቦው ታጠበ። ሁለቴ አስነጠሰች። አልተነሳችም።

ሙከራ 36። ተነሳች! አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ በካርቡራተሩ ስንጥቅ ቤንዚን ረጨች፣ እሳት ያዛት። በአሸዋ አጠፋናት። አሸዋው ሞተሩ ውስጥ ገባ። ሞተሩ እንደገና ይፈታ።

ሙከራ 37።

እዚህ ላይ ገጹ ተቀዷል። የቀደደችው ራሷ ናት። ይህን የምጽፍላችሁ እኔ የጎደለውን ከልቤ አውጥቼ ልሞላው እችል ነበር፤ ግን ቁጥር አንድ ላይ ያለችው ቃል ትበቃለች።

4

መኪናዋ እንዴት እጇ እንደገባች

ከአራት ዓመት በፊት ስንዱ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ግቢ ደም ልትቀዳ ሄደች። ታማሚው አባባ ልሳነወርቅ ይባላሉ። የምድር ባቡር መሐንዲስ የነበሩ፣ ያኔ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው የሆነ፣ ልባቸው ስለደከመ ከግቢ ርቀው መሄድ ያቆሙ ሰው ናቸው። ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ከዛፍ ሥር አንዲት ዶሮ የተቀዳደደ ሸራ ውስጥ ስትገባ አየች። ሸራውን ገለጠችው።

ፊያት 850 ስፓይደር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ ብዙም የማያልፍ ቀይ ስፖርት መኪና። ሰባት ዶሮዎች ነበሩባት።*

አብዮቱ ሲመጣ ቤንዚን በራሽን ሆነ፤ በክፍት ቀይ መኪና ከተማ መሃል መታየትም ጤና አልነበረም። አባባ ልሳነወርቅ አንድ ጠዋት ዛፉ ሥር አቆሟት። «ለሳምንት ብዬ ነበር» አሉ።

ስንዱ ከልጅነቷ ጀምሮ ራዲዮ እየፈታች የምትገጥም ናት፤ የተበላሸ ነገር ስታይ አያስችላትም።

«ይሽጡልኝ» አለች።

«አልሸጥም። ውሰጃት።»

«በነጻ?»

«በነጻ አይደለም» አሉና ወረቀት አስመጡ።

* ስምንተኛዋ ከመሪው ሥር ታቅፋ ነበርና እስክትፈለፍል ሦስት ሳምንት ተጠበቀ። የመጀመሪያው መዘግየት ይኸው ነው።

5

የርክክብ ውል

አስረካቢ፦ ልሳነወርቅ ተክለማርያም

ተረካቢ፦ ስንዱ አበጋዝ

ንብረት፦ መኪና፣ አንድ

የሚሠራ / የማይሠራ (የማያስፈልገውን ሰርዝ)፦ ሁለቱም አልተሰረዘም

ግዴታ፦ ተረካቢዋ መኪናዋን እንደ ነበረች አድርጋ ጠግና አስረካቢውን አንድ ጊዜ ታንሸራሽራቸዋለች።

የሚፈጸምበት ቀን፦ ..........................

«እንደ ነበረች አድርጋ» የሚለውን ያስገባችው ስንዱ ናት። ሽማግሌው አላሉም።

6

በስልክ

አንደኛው ዓመት

አባባ፦ ስንዱዬ፣ ደረሰች?

ስንዱ፦ ላሜራዋ እየተበየደ ነው አባባ። ለገና ትደርሳለች።

አባባ፦ ለየትኛው ገና?

(ሁለቱም ሳቁ።)

ሁለተኛው ዓመት

አባባ፦ ደረሰች?

ስንዱ፦ ካርቡራተሯ ተሰንጥቋል። ትክክለኛውን ከውጭ አዝዣለሁ።

አባባ፦ የሌላ መኪና ቢሆንስ?

ስንዱ፦ የሌላማ አይሆንም። የራሷ ነው መሆን ያለበት።

ሦስተኛው ዓመት

አባባ፦ ደረሰች?

ስንዱ፦ ዕቃው ተሳስቶ መጣ። እንደገና አዝዣለሁ።

አባባ፦ እሺ ልጄ።

አራተኛው ዓመት

ሮማን (ልጃቸው)፦ አባዬ ተኝቷል። መልእክት ካለሽ ልንገረው።

ስንዱ፦ የለኝም። እንዲሁ ነው የደወልኩት።

7

የዛገ ብሎን እንዴት ይፈታል

ዘይት አጠጪው። አንድ ቀን ጠብቂ። መፍቻውን ግጠሚና ቀስ ብለሽ ግፊ። እምቢ ይልሻል። ዘይት ጨምሪ። ሌላ ቀን ጠብቂ። አናቱን በመዶሻ መታ መታ አድርጊው፣ ሕፃን እንደምታስተኚ። እምቢ ይልሻል። በእሳት አሙቂው። ዞረ! አትደሰቺ፤ የዞረው ተቆርጦ የወጣው አናቱ ብቻ ነው። ቀሪው ውስጥ ቀርቷል። በመሰርሰሪያ አውጪው። መሰርሰሪያው እዚያው ይሰበራል፤ ስባሪው ደግሞ ከብሎኑ ይጠነክራል። ቁጭ በዪ። ውኃ ጠጪ። እንዲህ ያሉ ሰማንያ ሁለት ብሎኖች እንደቀሩ አስቢ።

አታስቢ።

8

ጋሽ ኢድሪስ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ የተማረ፣ ሞተር በጆሮው አዳምጦ ሕመሙን የሚናገር ሰው ነው። የጡረታ ጊዜውን ለስንዱ መኪና የሚሰጠው ደስ ስለሚለው ነበር፤ ደስታው ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ። ሠላሳ ሰባተኛው ሙከራ በከሸፈ ማግስት የመሣሪያ ሳጥኑን ሊወስድ መጣ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ቤቴ።»

«ካርቡራተሩ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብለዋል እኮ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ሳምንት ነው! የላዳ ታክሲ ካርቡራተር ቤቴ አለኝ። ከሥሩ ላሜራ ቆርጬ እገጥምልሻለሁ፣ በሁለት ቀን ትነሳለች አልኩሽ። መቼ ነው ያልኩሽ? ዓምና።»

«ታክሲ ልታደርጋት ነው?»

«የምትሄድ ላደርጋት ነው።»

«እንደ ነበረች ብዬ ፈርሜያለሁ ጋሽ ኢድሪስ።»

«ማን አስፈረመሽ?»

በእጇ ያለውን ብሎን በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ያዘች።

«ሰውዬው መንሸራሸር ነው ያማራቸው» አለ ሳጥኑን እየዘጋ። «አንቺ ሙዚየም ትሠሪያለሽ። እሳቸው እየደከሙ አንቺ ብሎን በጥርስ ብሩሽ ታጥቢያለሽ። አልተቀየምኩሽም። ደከመኝ።»

ሳጥኑን አንሥቶ ወጣ። ስንዱ በእጇ የያዘችውን የጥርስ ብሩሽ ግንቡ ላይ ወረወረችው። ትንሽ ቆይታ ሄዳ አነሣችው። ብሎኑ ግማሹ ገና አልታጠበም ነበር።

9

ካርቶኑ በሁለት ሳምንት ሳይሆን በአምስት መጣ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት የስፓይደሯ ካርቡራተር ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው። ስንዱ ፎቶ ልካለች፣ ልኬት ልካለች፣ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጽፋለች። ካርቶኑን ቀደደች፤ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ፈታች፤ አየችው።

ባለ

አንድ።

10

ሐሙስ ጠዋት ከምርመራ ማሽኑ የወጣውን ወረቀት ስታነብ ስማቸውን አየች። ልሳነወርቅ ተክለማርያም፣ ዕድሜ 87።

ቁጥሮቹን አነበበች። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ናሙናውን ደገመችው። ያው ነው። እንደገና ደገመችው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በእጇ አልፈዋል፤ ከእነሱ በኋላ ያለው ዕድሜ የሚቆጠረው በሳምንት እንደሆነ ታውቃለች። ለቤተሰብ መንገር የሐኪሙ ሥራ ነው። የእሷ ሥራ ፈርሞ ማሳለፍ ነው።

ፈረመች።

ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥታ ደወለች።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ የታክሲውን ካርቡራተር አምጣው።»

«ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል።»

11

ሁለት ቀን አልፈጀም። አንድ ቀን ተኩል ነው የፈጀው፤ ስንዱን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር ከአንድ ቅዳሜና ከግማሽ ዓርብ አልበለጠም።

ሳይሠሩ የቀሩ፦

ቀለም (ግማሿ ቀይ፣ ግማሿ ያልተቀባ ስቱኮ)

ጣሪያ (የለም)

የፍጥነት መለኪያ (ዜሮ ላይ ተኝቷል)

የተሳፋሪ ወንበር (ከሚኒባስ ተነቅሎ የተበየደ)

የሾፌር በር (በሽቦ የታሰረ)

ስንዱ (አላለቀስኩም ትላለች)

ሙከራ 38። ተነሳች።

12

«አሁን ስሚኝ» አለ ጋሽ ኢድሪስ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸ። «ስትቆሚም እግርሽን ከቤንዚኑ እንዳታነሺ። ካነሣሽ ትጠፋለች። ሞቃ ከጠፋች ደግሞ ዛሬ አትነሳም።»

ማታ ስልኩን ያነሡት አባባ ራሳቸው ስለነበሩ እንደምትመጣ ነግራቸዋለች፤ እሑድ ጠዋት ከግቢ ወጣች። ጋሽ ኢድሪስ ውኃና መፍቻ ይዞ በባጃጅ ተከተላት። ነፋሱ ፊቷን ሲመታው ስንዱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አራት ዓመት ያለመችው ነፋስ ነው። ደስታው ግን አልመጣም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስባታል። ዓምና። ዓምና እኮ እግራቸው ደህና ነበር። ዓምና በራሳቸው ወጥተው ይገቡባት ነበር።

13

የከዚራው ግቢ በር ላይ ደርሳ ቆመች፤ እግሯን ከቤንዚኑ አላነሣችም። ጡሩምባ መንፋት አላስፈለጋትም። በሩ ተከፍቶ አባባ ልሳነወርቅ ብቅ አሉ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ግንቡን ይዘው። ተመንምነዋል፤ ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስላል። ከኋላቸው ሮማን በነጠላ ጫማ እየሮጠች ደረሰች።

«ድምፅዋ ተቀይሯል» አሉ ሽማግሌው።

«ካርቡራተሩ የራሷ አይደለም አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደ ነበረች ማድረግ አልቻልኩም።»

«የእኔስ ልብ መቼ የራሱ ነው? በኪኒን አይደል የሚሄደው?»

በግንቡ ተደግፈው ወደ ተሳፋሪው በር ሄዱ። እጀታውን ያዙት። አልከፈቱትም፤ ትንፋሽ እስኪሰበስቡ እዚያው ቆሙ።

ሮማን በስንዱ በኩል መጥታ በሽቦ የታሰረውን በር ያዘች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንዴ ባቡር ጣቢያው ድረስ። አሥር ደቂቃ ነው እትዬ ሮማን።»

«ሐኪሙ ከአልጋ አይውረድ ብሏል። መኪናሽ ስትንቀጠቀጥ አታዪም? መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን አንቺ ይቅርታ ጠይቀሽ ትሄጃለሽ። የምቀብረው እኔ ነኝ።»

የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ስንዱ ቤንዚኑን ረገጠችው፤ ተንደቅድቆ ተመለሰ። ባጃጁ አጠገብ ጋሽ ኢድሪስ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል።

«ሌላ ጊዜ አምጪያት» አለች ሮማን። «ሳታንቀጠቅጥ፣ በደንብ ተሠርታ። የሐሙሱን ምርመራ ውጤት ነገ ሐኪሙ ይነግረናል። ትንሽ ካገገመ ራሴ አወጣዋለሁ።»

ስንዱ ቤንዚኑን ረገጥ አደረገች። ዓይኗን ግን አሸሸች፤ ሮማን ደግሞ ያንን አየች። በሩን የያዘው እጇ ላላ።

«ቆይ» አለች። «ደሙን የምትመረምሩት እናንተው ናችሁ። አይተሽዋል አይደል?»

የሞተሩ ድምፅ እንደገና ወረደ።

«እዪኝ ስንዱ። ሌላ ጊዜ አለው?»

በወዲያኛው በኩል የበሩ እጀታ ቀጭ አለ። ሽማግሌው መቀመጫውን በእጃቸው እየዳሰሱ አንድ እግራቸውን አስገብተዋል፤ ሌላው ገና መሬት ላይ ነው።

14

ስንዱ ቀና ብላ ሮማንን አየቻት። ያለቻትን እንደ ተቀደደው ገጽ ሳልሞላው እተወዋለሁ፤ ሮማን ግን ሰምታ በሩን ለቀቀች፦

«



»