ወይዘሮ እሙ የጻፉት ገጽ

ሳያት ከቤቴል ተነስታ ኮልፌ ከታክሲ ስትወርድ ሰውነቷ ዝሎ ነበር። ሥራዋ የሰዎችን ዌብሳይት መሥራትና ማደስ ነው። ያን ሰሞን ግን ያመላለሳት አልቋል ብላ ያስረከበችው ሥራ ነበር።

የአቶ ወንድይፍራው ጫማ ቤት፣ እግራቸው ዞሮ የተወለዱ ሕፃናት፣ ሐኪም ጄሶውን ካነሳላቸው በኋላ የሚያደርጉትን ጫማ ይሠራል። ደንበኛው ከየክፍለ ሀገሩ ጉግል ላይ ፈልጎ፣ ስልክ ደውሎ ነው የሚመጣው። የድሮው ዌብሳይት አርጅቶ በስልክ አልከፈት ሲል ልጃቸው ፅዮን ሳያትን አዲስ አሠራቻት። አዲሱ አምሮ ነበር። ስልኩ ግን ዝም አለ።

አቶ ወንድይፍራው ስልኩን ፊታቸው አስቀምጠው ነበር።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሏት። «ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ጎረቤት አስደወልኩ። ይሠራል።»

«ስልኩ አይደለም አባባ» አለች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ምክንያቱን ታውቀዋለች። ገና ሲጀምሩ ለፅዮን አስረድታት ነበር፤ እያንዳንዱ ገጽ ጉግል የሚያውቀው የራሱ አድራሻ አለው፤ የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ካልተደረገ ገጹ በዓመታት ያገኘው ደረጃ አብሮ ይጠፋል። ፅዮን ለሌሎቹ እሺ አለች። አንዱን ግን «እሱ አይዛወርም፣ ይጥፋ» ብላ ድርቅ አለች። ሳያት ተከራከረች፣ ደከማት፣ ተወችው። አብዛኛው ፈላጊ የሚገባው ደግሞ በዚያ ገጽ ነበር።

ፅዮንን ጓዳ ሶል ስትለጥፍ አገኘቻት።

«ሌላ ብንጽፍስ?» አለች ፅዮን ቀና ሳትል።

«ይቻላል። ግን ከባዶ ነው የሚጀምረው። ወላጆቹ ሲፈልጉ ‹ልጄ እግሯ ዞሮ ተወለደች ምን ላድርግ› ብለው ነው የሚጽፉት። ያ ገጽ ላይ የተጻፈው ልክ እሱ ነው።»

«እናቴ ናት የጻፈችው» አለች ፅዮን። «ሳትሞት በፊት። እግሩም የኔ ነው፣ ፎቶውም። ትምህርት ቤት ልጆች አግኝተውት ሲሳሳቁብኝ ከረሙ። አባቴ ይሄን አያውቅም።»

ሳያት አጠገቧ ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ስትመጣ ልታሳምናት አስባ ነበር፤ አሁን ግን ተወችው።

«አላስገድድሽም» አለች። «ለአባባ እኔ ላስረዳቸው እችላለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል እንላቸዋለን።»

ፅዮን ማስቲሹ እስኪይዝ ሶሉን ተጭና ቆየች። ከውጭ አባቷ ስልኩን አንስተው ሲያስቀምጡ ይሰማል።

«ፎቶውን ከገጹ አውጪው» አለች በመጨረሻ። «ጽሑፉን መልሺው። ቃል እንዳትነኪበት።»

ሳያት እዚያው ላፕቶፗን ከፈተች። ካስቀመጠችው ቅጂ የወይዘሮ እሙን ገጽ ያለ ፎቶው መለሰች፣ የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ አደረገች፣ ደጋግማ ሞከረችው። ጉግል እስኪያየው ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ የድሮው ደረጃ ጨርሶ ላይመለስም እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አቶ ወንድይፍራው አመሰገኗት። የገባቸው አልመሰላትም።

ክረምት ሲገባ ስልኩ አልፎ አልፎ መጥራት ጀመረ። ገጹ እንደ ድሮው ቀዳሚ አልሆነም፤ ከሌሎች በታች ተቀመጠ። ሳያት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ፅዮን ደወለችላት።

«ጫልቱ የምትባል እናት ከነቀምቴ ደውላ ነበር» አለች። «ስለ ጫማው ሳትጠይቀኝ ‹ያቺ ልጅ አሁን በእግሯ ትሄዳለች?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ትሄዳለች፣ እኔ ነኝ አልኳት። አለቀሰች። እኔም ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት።»

«ጥሩ አደረግሽ» አለች ሳያት። ዝናቡ እየበረታ፣ ሰልፉም እንዳለ ቆሞ ነበር።