ለአባቴ ዜማ የተመረጠ ሄድሴት

ደብረ ማርቆስ ላይ ጌም ቤት አለኝ። ጎረምሶች በስክሪን ኳስ እየተጫወቱ ሲጯጯሁ ይውላሉ፤ እኔም ስቆጣቸው እውላለሁ። አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ ደግሞ ደብረ ወርቅ ድጓ ያስተምራሉ። ድጓውን ጀምሬ ስለተውኩት በሥራዬ ደስተኛ አይደሉም። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ስለ ጌም ቤቱ ግን ትንፍሽ አይሉም።

ባለፈው መስከረም ራሳቸው መጡ። ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት ተገኝቷል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል ነግሯቸዋል።

"የሺዋስ፣ ልጆቹ ጆሯቸው ላይ የሚደፉትን ባለ ማይክ ዕቃ ግዛልኝ" አሉ። "ዜማዬን ልቅዳው። ተማሪዎቼ ሜዳ ላይ መቅረት የለባቸውም።"

ወዲያው ተነሥተን ወደ ሱቅ ሄድን።

ሻጯ አይናዲስ ሁለት ሄድሴት አወጣች። አንደኛው መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ የሙሽራ መኪና የመሰለ ነው። "ይኼኛው ጫጫታ ያጠፋል፤ የሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚቀዳው" አለች። ሌላው ጥቁር፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት ነው። አባቴ ወደ ባለመብራቱ ጠጋ ብለው "እንደምን ዋላችሁ" አሉበት። ከስልኬ ላይ ስንሰማው ጥርት ብሏል። አይናዲስ ካርቶኑን አነሣች።

"ቆይ እስቲ፣ በዜማ ይሞከር" አልኳት።

አባቴ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አላዜምም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። "አንተው ሞክረው" አሉኝ። ከልጅነቴ ወዲህ አፌን ለዜማ ያልከፈትኩትን ሰውዬ! አይናዲስ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ትዝ ያለኝን አንድ ሐረግ ድምፄን ጎትቼ አዜምኩት። መልሰን ስንሰማው መነሻው አለ፤ የተጎተተው ድምፅ ግን እየሳሳ ሄዶ ጠፍቷል። ባለመብራቱ ረጅሙን ዜማ የጄኔሬተር ጩኸት አድርጎ ቆጥሮት ኖሯል። በጥቁሩ ደገምኩት። የባጃጅ ጥሩምባ ሳይቀር ገባ፤ ዜማውም ሳይቆረጥ ገባ። ጥቁሩን ገዝተን ወጣን።

ቤቴ ስንደርስ አባቴ ጥምጥሜን አላወልቅም አሉ። ሄድሴቱን አንገታቸው ላይ አጠለቅሁና ማይኩን ወደ አፋቸው አቀናሁት። ጀመሩ፤ አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም አቆሙ።

"ምነው፣ አመመዎት እንዴ?"

"ማን ይቀበለኝ?" አሉ በንዴት። "ለግድግዳ አስተምሬ አላውቅም!"

እውነታቸውን ነው። ዜማ ቤት ውስጥ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ከሳተም እስኪያቀናው ይመልሳል። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ይህንኑ ነው። ተማሪዎቻቸው ደግሞ ደብረ ወርቅ ናቸው። ስለዚህ ጌም ቤቱን ዘግቼ መጣሁና ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። ሳትኩ።

"መልስ!"

መለስኩ።

"አሁንም መልስ! ምን ያጣድፍሃል? ማን አባረረህ?"

ልጅ ሳለሁ የሸሸሁት ይህንን "መልስ" ነበር። አሁን ግን ቁጣው እንዳያልቅብኝ ፈራሁ።

አመሻሹ ላይ ድምፃቸው ሻከረና በቃን አልን። የተቀዳውን እንዲሰሙት ሄድሴቱን ከጆሯቸው አስጠጋሁላቸው። ጥቂት እንደሰሙ እጄን ያዙኝ።

"የእኔን አውቀዋለሁ፤ እለፈው" አሉ። "ያንተን አሰማኝ።"

"የእኔማ ስሕተት ብቻ ነው፣ አባየ።"

"ነው። አሰማኝ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"ከሆስፒታል ስወጣ ትመጣለህ" አሉ። "አንተ ታዜማለህ፣ እኔ በእጄ አቀናሃለሁ። ለማቅናት ድምፅ አያስፈልገኝም።"

እሺ አልኳቸውና የሳትኩትን ሐረግ እንደገና መለስኩ።