የዳኑት የት ቀሩ

ባምላክ ከሰው ይልቅ ከቁጥር ጋር ማውራት ይቀለዋል ይሉታል ጓደኞቹ። እውነታቸውን ነው። እንጅባራ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ ለጥናት በተከራዩት ቢሮ ቁጭ ብሎ ቁጥር ሲያገናኝና ሲያለያይ ይውላል። ሲደክመው በመስኮት ጉም ያያል። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው በቅርቡ ነው፤ ሙያው ስታቲስቲክስ ይባላል። እናቱ ግን ጎረቤት ሲጠይቃት "ልጄ የታመመ ጭንቅላት ይቆጥራል" ነው የምትለው።

ነገሩም ከዚያ አይርቅም። ጥናቱ በአእምሮ ሕመም የተያዙ የአዊ ልጆችን ይከታተላል። ሕመሙ እንደጀመራቸው አንድ ጊዜ፣ መድኃኒት ወስደው ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ሄደው ጭንቅላታቸውን በኤምአርአይ መሣሪያ ፎቶ ይነሳሉ። ባምላክ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው እያነጻጸረ ሕመሙ አንጎልን ምን እንዳደረገው፣ ሕክምናውስ ምን እንደመለሰ ያወጣል። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው እንኳ ሁለተኛውን ፎቶ ሳይነሱ ቀሩ።

"የቀሩትን ተዋቸውና ባሉት ሥራ" አሉት አለቃው ዶክተር ምሕረት። "መሣሪያው ለኛ የተፈቀደው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።"

"ዶክተር፣ ከጥናት የሚቀር ሰው ብዙውን ጊዜ የባሰበት ነው አይደል?"

"ነው እንጂ።"

"እነዚህ ግን የተሻላቸው ናቸው። ነርሷ ቤታቸው ሄዳ ስትጠይቃቸው ይተኛሉ፣ ይሠራሉ፣ ያ የሚሰሙት ድምፅም ትቷቸዋል። የቀሩት የዳኑት ናቸው። እነሱን አውጥተን ብንጽፍ፣ ይህ ሕመም የገባበት አንጎል አይመለስም ብለን መጻፋችን ነው። ይህን ያነበበ ሐኪም ደግሞ ለበሽተኛው ያንኑ ይነግረዋል።"

ዶክተር ምሕረት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "እንግዲያው ሂድና እስከ ዓርብ አምጣቸው። ካላመጣህ ባለው እንጽፋለን።"

ባምላክ ስልክ ቢደውል ለአንዱ ኔትወርክ የለም፣ ሌላው ሰምቶ ይዘጋበታል። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳንግላ ወረደ። ከሁሉ ይበልጥ የተሻለው እንየው የሚባል ባለጋሪ እዚያ ነበር።

ጋሪዎቹ ከቆሙበት ሄዶ ጠየቀ። ደርበው የተባለ አንድ ባለጋሪ ከላይ እስከ ታች አየው። "ፈረሱን የሚያናግረውን ነው የምትፈልገው? ድሮ ራሱን ነበር የሚያናግር። አሁን ወደ ፈረሱ ዞሯል፤ ተሽሎታል ማለት ነው!"

"ተወው እሱን" አለ ከኋላ አንድ ቀጭን ወጣት እየሳቀ። "የሱ ፈረስ አይዞህ የሚለው ቢያገኝ ኖሮ እንዲህ አጥንቱ አይቆጠርም ነበር። እንየው እኔ ነኝ፤ ውጣ።"

በጋሪው ወደ ቤቱ ወሰደው። ስለ ፎቶው ሲጠይቀው ግን ሳቁን ዋጠ። "እሱን እናቴን ጠይቃት" አለ።

እናቱ ደጊቱ ወንበር ሰጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

"እማማ፣ እንየው እስከ ባሕር ዳር ሄዶ ሳይነሳ የተመለሰው ለምንድን ነው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? እናንተው አይደላችሁም እንዴ የመለሳችሁት! መሣሪያው ደጃፍ ላይ ሲደርስ አንገትህ ላይ ያለውን ፍታ አሉት። ማተቡን!"

ባምላክ የእንየውን አንገት አየ። ጥቁር ክር ነው፤ መስቀል የለበትም። "መጀመሪያ ጊዜ ሲነሳስ?"

"ያን ጊዜ ምን ማተብ ነበረው? በጥርሱ በጥሶ ጥሎታል። ልጄ ከእጄ መውጣቱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ኋላ ሲሻለው፣ ማንም ሳይነግረው፣ 'እማ፣ ክር እሰሪልኝ' አለኝ። እንግዲህ እሱን ፈትቼ ወደዚያ ቀን ልመልሰው? ምን በወጣኝ!"

ባምላክ የሌሎቹም ነገር ይኸው መሆኑ ገባው። የታመሙት ባዶ አንገታቸውን መጥተው ተነሱ። የዳኑት ግን ማተባቸውን መልሰው ስላሰሩ ከበር ተመለሱ። የራሱ ማተብ ከሸሚዙ ሥር እያለ ይህን ወራት ሙሉ አለማሰቡ ፊቱን አቃጠለው።

ወጥቶ ለመሣሪያው ባለሙያ ደወለ።

"ክር ብቻ ነው?" አለ ሰውየው።

"ክር ብቻ።"

"ብረት ከሌለው ይግባ። ያለውን ሁሉ አውልቁ የምንለው ለጥንቃቄ ነው። ፍታ ስንላቸው ዞረው ይሄዳሉ፤ ፈርተው መስሎኝ።"

ይህን ሲነግራቸው ደጊቱ በረዥሙ ተነፈሱ። ለልጃቸው በአውኝኛ አንድ ነገር አሉት። የባምላክም አፍ መፍቻ ቋንቋ ነውና ሰማ፤ "ይህ ልጅ የእግዜር መልእክተኛ ነው" ነው ያሉት። ወዲያው ወደሱ ዞሩ።

"እንግዲያስ ይነሳልሃል። አንተም አንድ ነገር ታደርግልኛለህ። የኪዳኑን ልጅ እመቤትን ለእንየው ስጡን ብለን ሽማግሌ ልከን ነበር። አባትዮው 'ጭንቅላቱ መዳኑን በምን አውቃለሁ?' ብሎ መለሳቸው። ፎቶው ንጹሕ መሆኑን ትነግርልኛለህ።"

ባምላክ "እናያለን" ቢላቸው ይበቃ ነበር። ዓርብ ቀርቧል፤ እንየው ከመጣ ሌሎቹም ሰምተው ይመጣሉ። እንየው ግን ዓይን ዓይኑን ያየው ነበር።

"እማማ፣ አልዋሽዎትም። ፎቶው እሱን አይነግረኝም።"

"እንዴት አይነግርህም? የተማርኸው ለምንድን ነው?"

"የአንድ ሰው ፎቶ ብቻውን ድኗል፣ አልዳነም አይልም። የብዙ ሰው ሲሰበሰብ ነው ነገሩ የሚታየኝ። ከገበያ መልስ መንገዱ ላይ ኮቴ ሲያዩ ፈረስ በብዛት ማለፉን ያውቃሉ እንጂ፣ ይህ የእገሌ ፈረስ ነው ይላሉ?"

"እኔ የፈረሴን ኮቴ አውቃለሁ" አለ እንየው።

"አንተ ባለቤቱ ነህ። እኔ መንገደኛ ነኝ።"

ደጊቱ አልሳቁም። "ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል?"

"ለእርስዎ ምንም" አለ ባምላክ፣ ድምፁ አንሶ። "ነገ ልጇ ለሚታመምባት ሌላ እናት ካልሆነ።"

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ስበው ተነሡና ወደ ጓሮ ወጡ። አልተመለሱም።

እንየው እስከ ሚኒባሱ ሸኘው። ልጓሙን እያሳጠረ "እመጣለሁ ብዬ አልሸነግልህም" አለው። "እናቴን ሳላስፈቅድ የትም አልሄድም። ታምሜ ሳለሁ ሳላስፈቅዳት ብዙ ሄጃለሁ።"

ባምላክ ቢሮው ተመልሶ ለቀሩት ሁሉ ደወለ። ማተባችሁ አይፈታም ሲላቸው አንዳንዱ አመነው፤ አንዳንዱ "አሁን ነው የታያችሁ?" ብሎ ዘጋበት።

ዓርብ ዕለት ባሕር ዳር፣ መሣሪያው ካለበት ክፍል ደጃፍ ቆሞ ዋለ። ከጥሊሊም ከእንጅባራም ሰዎች መጡ፤ ሁሉም ባይሆኑ። አንገታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ገቡ፣ ማተባቸውን እንዳሰሩ ወጡ። ቀኑ ሲያዘነብል ተስፋ ቆረጠ። ያን ጊዜ ደጊቱና እንየው በበሩ ገቡ።

እንየው ገባ። መሣሪያው መዶሻ እንደሚወርድበት ብረት መጮህ ጀመረ። ደጊቱ አግዳሚው ላይ ከባምላክ አጠገብ ተቀመጡ።

"ትናንት ኪዳኑ ቤት ሄድሁ" አሉ። "ሽማግሌ አልላክሁም፤ ራሴ ነኝ። ልጄ ታሞ ነበር፣ ልደብቅህ አልችልም አልሁት። መዳኑን የሚመሰክርልኝ ፎቶም የለኝም። እናቱ ነኝና አውቀዋለሁ፤ አንተ ደግሞ ጋሪው ላይ ወጥተህ ገበያ ደርሰህ ተመለስና ፍረድ አልሁት።"

"ምን አሉ?"

"እሺም እምቢም አላለኝ። ቅዳሜ ለገበያ የሚጫን ድንች አለኝ፣ ልጅሽ መጥቶ ይጫንልኝ አለ።" እጃቸውን አጣመሩ። "እኔም እያደር ሳስበው፣ ያችን ሌላ እናት ያልኸኝን፣ እኔው ሆኜ አገኘኋት። ያን ጊዜ አንድ ሰው፣ ይመለሳል ቢለኝ ኖሮ..."

አልጨረሱትም። መሣሪያው ጸጥ አለና እንደገና ጀመረ።

"ከዳኑት ጋር ይቆጠር" አሉ ደጊቱ። "ሌላ አልጠይቅህም።"

"ይቆጠራል እማማ" አለ ባምላክ።