ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

ወንበሩ ዞሯል።

ሾፌሩ የአማካሪዋ ክፍል በር ላይ ቆሞ አየው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለቱ ወንበሮች ፊት ለፊት ተፋጥጠው፣ መሃላቸው የሶፍት ካርቶን ተቀምጦ ነበር። አማካሪዋ በለሆሳስ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ጫማውን እያየ «ደህና ነኝ» ይላታል። ደህና አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶብስ የነዳ ሰው፣ ከአደጋው ወዲህ ለሰባት ወር መኪና የሚባል ነገር አልተሳፈረም፤ ወደዚህ ክሊኒክ እንኳ የሚመጣው አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ነው። አሁን ደግሞ ልጁ ወልዳለች። ያለችበት ከተማ በአውቶብስ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ በእግር አይሞከርም። ትናንት በስልክ «ነገ በስምንት ሰዓቱ አውቶብስ እመጣለሁ» ብሏታል።

ዛሬ አንደኛው ወንበር ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጎዳናው ዞሯል። ሌላው ከበስተኋላው ትንሽ ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ጥፋቴን እያረምኩ ነው ጋሼ» አለች አማካሪዋ። የልጁ እኩያ ናት። «ጠዋት አውቶብስ ውስጥ ሾፌሩ ከኋላው ለተቀመጡ ሴትዮ የቤቱን ጉድ ሁሉ ሲዘከዝክ ሰማሁ። አንዴም ዞር አላለም። ለካ እኔ ሾፌር አስቁሜ ነው አውሩኝ የምለው! አባቴ የሚሆን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ!»

ሾፌሩ ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። «ያን ሁሉ ተምረሽ ይሄን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብሽ?»

እንደተማረችው ያስቀመጠችውን ወንበር በገዛ እጇ ያዞረች ልጅ፣ እጇ ይባረክና፣ ከኋላው ሄዳ ተቀመጠች። እሱም ተቀምጦ መንገዱን አየ። ሁለት መኪና አለፈ፤ አንድ ብስክሌት ድንገት ሲገባ ቀኝ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ረገጠ።

«ዝናብ ነበር» አለ ለመስኮቱ። «ከኋላዬ አንድ እናት ተቀምጠዋል። መንገዱን ሙሉ ‹ስንት ቀረን ልጄ?› ይሉኛል። ከተማው መግቢያ ያለችው ኩርባ ጋ ስንቃረብ ‹ደርሰናል እናቴ› አልኳቸው። ዋሸኋቸው። አላደረስኳቸውም።»

ፍሬኑ እንደከዳው መርማሪዎቹ ነግረውታል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም ያላለው ሰው የለም፤ አንዱም ጠብ አላለለትም። አማካሪዋ ግን እንዲህ አላለችውም።

«ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?» አለችው።

ነገራት። ሰማያዊ ሹራባቸውን፣ ጭናቸው ላይ ያቀፉትን ፌስታል፣ ‹ቀስ በል፣ አማት ቤት አይደለም የምትሄደው› ብለው ያሳቁበትን ቀልድ። ከዚያ አለቀሰ። ፊቱን ያየበት ሰው አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል አብረው ወደ አውቶብስ ማቆሚያው ወጡ። አውቶብሱ በር ላይ ወደኋላ አለ፤ ደግሞ ወጣ። ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር። እሱ ግን ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። አማካሪዋ «እስከ ቀጣዩ ፌርማታ ልሸኝዎት» ብላ ከኋላው አረፈች። ሞተሩ ተነሳ። እሱ ከፊቱ ያለውን የወንበር ብረት ጨምድዶ ያዘ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት፤ ከአጠገቧ ሕፃን ያለቅሳል።

«አባዬ፣ ስንት ቀረህ?»

ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሳም።

«ገና ነኝ ልጄ» አለ። «ገና ነኝ። ግን መንገድ ላይ ነኝ።»