የሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ኩርባ

፩

በቀኝ በኩል ተቀመጥ። በግራ ከተቀመጥህ እስከ ዳንሳ ወንዝ ድረስ ፀሐዩ ፊትህ ላይ ነው፤ የአውቶቡሱ መጋረጃ ደግሞ ከተቀደደ ቆይቷል። ከጨፌ ተነሥተህ ሐሙስ ገበያ እስክትደርስ ስድሳ አራት ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ በደርግ ጊዜ ጠጠር ለበሰ። ጠጠሩ አለቀና አቧራ ሆነ። አሁን አስፋልት ሊሆን ነው።

ታሪኩ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

፪

ከመንገድ መሥሪያ ቤቱ የተላከ ቅጽ። በአስፋልቱ ሥራ ማስጀመሪያ በዓል ላይ ለሚነበብ የመንገድ ታሪክ።

የመንገዱ ስም፦ «መንገዱ»። ሌላ ስለሌለን ስም አላወጣንለትም።

የተሠራበት ዘመን፦ ታኅሣሥ 1975 ዓ.ም.

ያስገኘው ጥቅም፦ ሐኪም ቤት በአንድ ቀን ይደረሳል። ልጆቻችን በእሱ ይሄዳሉ። (አለመመለሳቸውን ከጥቅም ልቁጠረው ከጉዳት፣ አላወቅሁም።)

ያደረሰው ጉዳት፦ ቁጥር ፭ን ተመልከት።

የጸሐፊው ስም፦ ገረመው ይልማ፣ የጥድ አምባ እድር ጸሐፊ።

የትምህርት ደረጃ፦ አሥረኛ ክፍል። ያውም በግፊያ።

፫

በቁጥር የምጽፈው ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅ ነው። ሃያ ዓመት የእድር ቃለ ጉባኤ የጻፈ ሰው ነገሩን ሁሉ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እያለ ካልከፋፈለው አይገባውም። ሚስቴ «ስትቆጣ እንኳ ተራ ቁጥር ታወጣለህ» ትለኛለች። ልክ ናት። ታገሡኝ።

፬

ስለ ኩርባው

ከጨፌ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከዚያ የጥድ አምባን ቁልቁለት ይወርድና፣ ልክ መንደራችን ሥር፣ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ገደሉ እጥፍ ይላል። ወንዝ የለም። ቋጥኝ የለም። ሜዳ ነው።

ለምን እንደታጠፈ ሰው ሁሉ የየራሱ አለው። አንዱ «ከሥር ውሃ አለ» ይላል። ሌላው «መሐንዲሱ ጠጥቶ ነበር» ይላል። ሾፌሮቹ «የሰይጣን ኩርባ» ብለው ሰይመውታል፤ ቄሱም ሁለት ጊዜ ጠበል ረጭተውበታል። ሰይጣኑ አልወጣም። ጎረቤቴ መሆኑን ማን አውቆ!

፭

ስለ ኩርባው

በአርባ አንድ ዓመት ስድስት መኪና።

የመጀመሪያው ሽንኩርት ጭኖ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ መንደሩ አንድ ወር ሙሉ ሽንኩርት በላ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሾፌሮቻቸውን አቁስለዋል።

አራተኛው በሰኔ 1994 ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ጭነቱ ላይ ተሳፍረው ነበር። ሦስት ሞቱ። አንዱ የጎረቤታችን የእትዬ የሺመቤት ባል፣ ጥበቡ ነው። ሁለት ብረት ድስት ገዝቶ ይዞላቸው ነበር። ድስቶቹን አንዲት ጭረት አልነካቸውም።

አምስተኛውንና ስድስተኛውን አልጽፍም።

ደከመኝ።

፮

በእኔና በእትዬ የሺመቤት ግቢ መካከል ጋሽ አድማሱ ይኖራሉ። ስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ሳያገቡ ቀሩ። ክረምት ሲወጣ የእትዬን አጥር ያጥራሉ። ክረምት ሳይገባ የእትዬን ጣሪያ ያያሉ። እሸት ሲደርስ የመጀመሪያው እቅፍ የሚሄደው ወደዚያ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ።

እኛ ጎረቤቶች ምን እንል እንደነበር መገመት አያቅትህም። ዋናው ተናጋሪ ደግሞ እኔ ነበርሁ። «ጋሽ አድማሱ፣ አጥሩን ስንት ጊዜ ያጥሩታል? በሩን ቢያንኳኩ አይቀልዎትም?»

«ሂድ፣ ቃለ ጉባኤህን ጻፍ» ይሉኛል።

እትዬም ጨዋታ ያውቃሉ። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሽማግሌ መላክ ሲያቅተው አጥር የሚልክ ወንድ በእኔ ዘመን አየሁ» ብለው አሳቁን። ጋሽ አድማሱ አልሳቁም። ዓይን አፋር ናቸው ብለን አለፍነው።

፯

ከጋሽ አድማሱ ቃል የተቀበልሁበት ቦታ፦ ደጄ ላይ።

ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ።

እኔ፦ መንገዱ ሲሠራ ከቀያሹ ጋር ሠርተዋል አሉ። ሥራዎ ምን ነበር?

እሳቸው፦ ችካል መትከል። ጫፉ ቀይ የተቀባ እንጨት ነው። ቀያሹ በመነጽሩ እያየ እጁን ያወዛውዛል፤ እኔ እተክላለሁ። መንገድ የሚጠርገው ግሬደር የሚከተለው ችካሉን ነው።

እኔ፦ እንግዲያ ኩርባውን ያውቁታላ! ሰይጣን ነው ብዬ ልጻፍ?

እሳቸው፦ (ወደ ኩርባው አዩ)

እኔ፦ መሐንዲሱ ጠጥቶ ነበር ልበል? ሞቷል ይባላል፤ አይከሰንም።

እሳቸው፦ የሞተ ሰው አትማ። እኔ ነኝ።

እኔ፦ ምኑን?

እሳቸው፦ ኩርባው። እኔ ነኝ።

፰

ስለ ኩርባው

ከተማ ያደግህ እንደሆነ ልንገርህ። አውድማ ላይ እህል ካለ በጫማ አይረገጥም። መንገደኛ ቢቸኩል እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው። የመጨረሻዋ ፍሬ ታፍሳ ጎተራ እስክትገባ ቦታው እንደ ቤተ ክርስቲያን ይፈራል።

የቀያሹ መስመር ቀጥ ብሎ መጥቶ በአቶ ቢምረው አውድማ መካከል አለፈ። አቶ ቢምረው የእትዬ የሺመቤት አባት ናቸው። ጤፉ ገና ግማሹ ነው የተወቃው። ቀያሹ ለእሑድ ከተማ ወርዷል። አድማሱ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አድማሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከነዶው አጠገብ የቆሙትን አራት ቀያይ ችካሎች አየ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ነቀላቸው። ወደ ገደሉ ጠጋ አድርጎ ተከላቸው።

«ሐሙስ ውቂያው ያልቃል፤ ዓርብ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነው» አሉኝ። «ግሬደሩ በሳምንቱ ይመጣል ተብሎ ነበር።»

ግሬደሩ ሰኞ መጣ።

ቀያሹ ረቡዕ ሲመለስ መንገዱ ተቆርጧል። ኩርባውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ያኔ ሥራ ያዘገየ ሰው የት እንደሚገባ ይታወቃል። እርሳሱን አወጣና ኩርባውን ወረቀቱ ላይ ጨመረው። አድማሱ አጠገቡ ቆሟል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ያኔ በአንድ ቀን ይቃና ነበር።

አልተነፈሰም።

፱

አሥራ ሁለት እርምጃ።





ከአውድማው እስከ ኩርባው ሄጄ ለካሁት። በእኔ እግር አሥራ አምስት መጣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እግር ግን አሥራ ሁለት ይበቃል።

፲

የቃል ቅበላው ቀጣይ። ያው ደጅ፣ ያው ቀን።

እሳቸው፦ እንዳለ ጻፈው። ቅዳሜ በበዓሉ ላይ አንብበው።

እኔ፦ በድምፅ ማጉያ? እትዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው?

እሳቸው፦ አዲሱ አስፋልት ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሥራውም ከኩርባው ይጀምራል፤ ድንኳኑ እዚያ ነው የሚተከል። ኩርባው ከተገፈፈ በኋላ ምኑን አሳይቼ ነው የምናገረው?

እኔ፦ ይጥፋልዎ እንጂ! አርባ አንድ ዓመት ያላወቀ ሰው ዛሬ ቢያውቅ ምን ሊያተርፍ?

እሳቸው፦ እሷ ቤት እሸት ይዤ ስገባ ትመርቀኛለች። «ደግ ሰው» ትለኛለች። ከዚህ በኋላ መመረቅ አልችልም፣ ገረመው። ጉልበት አለቀብኝ።

እኔ፦ እንግዲያውስ አስቀድመው ለብቻቸው ይንገሯቸው። ከማይክሮፎን አይስሙት።

እሳቸው፦ ሃያ ሁለት ዓመት ልነግራት ሄጃለሁ። በሩ ጋ ስደርስ አጥሩን አያለሁ። «ይቺ ተከፍታለች» እላለሁ። አጥሬ እመለሳለሁ።

፲፩

እዚህ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ስለ ራሱ አንድ መሥመር ይጻፍ። ሃያ ሁለት ዓመት የቀለድሁበትን አጥር አሰብሁት። እያንዳንዱን እንጨት።

ቀልዱን መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር።

፲፪

ረቡዕ አብረን ሄድን። እትዬ የሺመቤት ደጃቸው ላይ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር።

«ምነው ሁለት ሆናችሁ? አጥሩ በዛ እንዴ?» አሉ። ከዚያ የያዝሁትን ደብተር አዩና፣ «ደግሞ ከነጸሐፊው! ዛሬስ ሽማግሌው መጣ መሰለኝ።»

ለወትሮው ቀልዳቸውን የምቀበላቸው እኔ ነበርሁ። ዛሬ ደብተሩን ብቻ አጠፍሁ።

ጋሽ አድማሱ ተቀመጥ ቢባሉ አልተቀመጡም። ቆመው ነገሯቸው። ችካሉን፣ ጤፉን፣ ሰኞን፣ ረቡዕን። እትዬ በርበሬውን መቀንጠስ አላቋረጡም። «ጥበቡ የወደቀው እዚያው ላይ ነው» ሲሏቸው ነው እጃቸው የቆመው።

«ስንት እርምጃ?»

«አሥራ ሁለት።»

 ዶሮዋ ከበርበሬው ስታልፍ እንኳ እሽ አላሏትም።

«ያ ጤፍ የሠርጌ ጤፍ ነበር» አሉ ቆይተው። «በጥር ጥበቡን ያገባሁበት። አንተም በልተሃል።»

«በልቻለሁ።»

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ‹መንገዱ ጤፌን አክብሮ ዞረልኝ› እያለ ይኩራራ ነበር።» ዓይናቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን አነሡና በርበሬው ትዝ ብሏቸው መለሱት። በክንዳቸው ጠረጉ። «አንተም ቁጭ ብለህ ትሰማው ነበር።»

«እሰማው ነበር።»

«እሸቱስ? አጥሩስ? ለእሱ ነበር?»

«መጀመሪያ ለእሱ ነበር» አሉ ጋሽ አድማሱ። ሌላ ሊጨምሩ ነበር። አልጨመሩም።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍኸው?»

«ገና ነኝ።»

«ጻፈው። ችካሉንም ጻፍ፣ ሠርጉንም ጻፍ። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ይስማ።»

«እርስዎስ ምን አሉ ልበል?»

«ምን ብያለሁና?» ሰፌዱን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። «ቅዳሜ ኩርባው ላይ ቆሜ፣ እሱም ፊቴ ቆሞ፣ ያኔ እናገራለሁ። አንተ ቦታ ተውልኝ።»

«ምን ያህል ቦታ ይበቃዎታል?»

ጋሽ አድማሱን አዩአቸው። ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ።

፲፫

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጥድ አምባ ሰዎች፣ እስካሁን ያነበብሁላችሁ የመንገዳችን ታሪክ ነው። ስሕተት ካለበት የእኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ አይደለም። ጋሽ አድማሱ፣ እባክዎ ወደዚህ ቀረብ ይበሉ።

፲፬

ወይዘሮ የሺመቤት ቢምረው እንዲህ አሉ፦